ከመርጨት መመልከት ይቅደም

የእርሻ ነገር በተነሣ ጊዜ ሁላችንም የምናስበው ጤፉን፥ ስንዴውን፥ ቡናውንና ከብቱን ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ሕዝብ የሚኖረው በእህል ነውና። እኔ ግን ዛሬ ለክልል፥ ለዞንና ለወረዳ ሹማምንት፥ እንዲሁም ከተማ ለማስተዳደር አደራ ለተቀበሉ ከንቲባዎች ላመለክት ያሰብሁት ስለማይበላ ተክል ነው። ይኸውም በጎዳና ዳርና ዳር፥ በአደባባይና በመሥሪያ ቤት ግቢ ለጌጥና ለጥላ ስለሚተከለው ዛፍና ቍጥቋጦ፥ በእርሱም ላይ ነፍሳት በታዩ ጊዜ ስለሚረጨው የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ነው።

ተክሉ የማይበላ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ነገሩን አቃልሎ ያየዋል። «ፍሬው ወደ ሰው አፍ አይገባም፤ እንግዲያስ ቢረጭ ምን ጕዳት አለው?» ይላል። ነገር ግን ማስተዋል የሚገባው ይህ ነው። በማሳ ላይ መድኃኒት የሚረጭ ገበሬ ልጆቹንና ከብቱን አርቆ፥ የተረጨውም እህል እስኪታጨድ ብዙ ቀን ጠብቆ ሊሠራ ይችላል። የከተማ ዛፍ ግን የቆመው በሰው መካከል ነው። ከሥሩ ሕፃን ይጫወታል፥ ሽማግሌ ያርፋል፥ ደኻ ቆሎና ሻይ ይሸጣል። በቅጠሉ ላይ የተረጨው ጠብታ ወደ ታች ሲወርድ የሚያገኘው እነርሱን ነው። ስለዚህ የጌጥ ዛፍን መርጨት ከእርሻ ይልቅ ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻ ሥራ ነው እንጂ፥ የላላ ጥንቃቄ የሚበቃው ሥራ አይደለም። አሳቤ በአጭሩ ይህ ነው፤ ምክንያቱን ግን ቀጥዬ በዝርዝር እገልጻለሁ።

ለነገሩ ምሳሌ የሚሆነን አራዳ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ አራዳ የከተማይቱ እምብርትና የታላቁ ገበያዋ ስፍራ ነበረ። ገበያው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ወደ ምዕራብ፥ ወደ ዛሬው መርካቶ ከተዛወረ በኋላም አራዳ ፒያሳ የሚለውን ስም ደርቦ የሱቅ፥ የቡና ቤትና የሲኒማ ሰፈር ሆኖ ኖረ። በዚሁ በአራዳ ውስጥ ዶሮ ማነቂያ የሚባል ሰፈር ነበረ። ቤት ከቤት የተጣበቀበት፥ መተላለፊያው የጠበበ፥ ሰው የበዛበት ሰፈር ነበርና ለዛፍ የሚሆን ስፋት ያለው ግቢ ጥቂት ነበረ። እንዲህ ባለው ጠባብ ሰፈር ተክል የሚወድ ሰው ጽጌረዳውንና ጤና አዳሙን በአሮጌ ቆርቆሮና በተሰበረ እንስራ ይተክላል። ነፍሳት በያዙትም ጊዜ እመቤቲቱ የምድጃ ዐመድ ትነሰንስበታለች፥ ወይም ልብስ ያጠበችበትን የሳሙና ውሃ ታፈስበታለች፤ የባሰበትንም ቅርንጫፍ በእጇ ቀንጥሳ ትጥለዋለች። ይህ ያልተማረ ሰው ልማድ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ወደ ፊት እንደምገልጸው ትልቅ ብልሃት ያለበት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። ስለዚያ ሰፈር መፍረስ የሚባለው ብዙ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጕዳይ ግን እርሱ አይደለም። የእኛ ጕዳይ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። መንገዱ ሰፋ፥ የእግረኛ መሄጃ ተነጠፈ፥ በዳርና ዳሩም ሣርና አበባ፥ ዘንባባና ልዩ ልዩ ቍጥቋጦ ተተከለ። ይህን የመሰለው ሥራ ከአዲስ አበባ ዐልፎ ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ጎንደር፥ ወደ ሐዋሳ፥ ወደ ጅማና ወደ ሌሎችም ከተሞች ተዳርሷል። እንግዲህ ትናንት የአንዲት እመቤት ጭንቀት የነበረው የጽጌረዳ ተባይ ዛሬ የመንግሥት ሹም ጭንቀት ሆነ ማለት ነው። የቆርቆሮው ጽጌረዳ አንድ ብቻ ነበረ፤ የጎዳናው ቍጥቋጦ ግን በሺሕ የሚቈጠር ነው።

አዲስ የተተከለ የጎዳና ተክል ተባይ የሚበዛበት ስለ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። አንደኛው ምክንያት አንድ ዓይነት ተክል በረጅም መስመር መደርደሩ ነው፤ ይህ ለተባዩ እንደ ተዘረጋ ማዕድ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከችግኝ ጣቢያ ሲመጣ ተባዩን ከቅጠሉ በታች ይዞት መምጣቱ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ሥሩ ገና ሳይጸና የድንጋዩ ንጣፍ ሙቀት፥ የመኪናው ጢስና አቧራው፥ የውሃውም ማነስ ስለሚያደክመው ነው። የደከመን ከብት መዥገር እንደሚበረታበት፥ የደከመንም ዛፍ ተባይ ይበረታበታል። ከእነዚህ ከሦስቱ ምክንያቶች አንዱን እንኳ መርዝ አያርቀውም።

አሁን ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን እነግራለሁ። በአንድ የበጋ ማለዳ በአራዳ በኩል ሳልፍ አንድ ጐልማሳ መርጫ በጀርባው አዝሎ፥ አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን፥ በእጁም ጓንት ሳያጠልቅ በመንገዱ ዳር ያለውን ቍጥቋጦ ሲረጭ አገኘሁት። ጊዜው ሰው ወደ ሥራ፥ ተማሪም ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ሰዓት ነበረ። ቀርቤ «ወንድሜ፥ የምትረጨው ምን ተባይ ይዞት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ አላውቅም ጋሼ፤ ቅጠሉ ጠቍሯል፥ ርጭ ተብዬ ነው» አለኝ። የመድኃኒቱን ስም ብጠይቀው፥ በውሃ ተበጥብጦ በጄሪካን ስለ ተሰጠው ስሙን አያውቀውም። ከዚያ ዐለፍ ብሎ አንዲት አሮጊት እናት ቆሎ ዘርግተው ተቀምጠዋል። «እማማ፥ ሲረጭ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?» ብላቸው፥ «ምን አደርጋለሁ ልጄ፤ ሽታው እስኪያልፍ ቆሎዬን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። እኔማ ወዴት እሄዳለሁ?» አሉኝ።

ገና ያልተረጨውን ቅጠል ገልብጬ ተመለከትሁ። በቅጠሉ ጀርባ ክሽክሽ ተሰብስቦ ነበረ። ነገር ግን በክሽክሹ መካከል ጠቈር ያሉ፥ ብርቱካን የመሰለ ነጠብጣብ ያለባቸው፥ መልካቸው የማያምር ትናንሽ ትሎች ይመላለሱ ነበረ። እነዚህ ትሎች የቀይዋ ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ ልጆች ናቸው፤ ምግባቸውም ክሽክሽ ነው። የማያውቃቸው ሰው ግን በመልካቸው ምክንያት ዋናዎቹ ተባዮች እነርሱ ይመስሉታል። የቅጠሉም መጥቈር በሽታ አልነበረም፤ ከክሽክሹ በሚወርደው ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ የበቀለ ሻጋታ ከመንገድ አቧራ ጋር ተጣብቆ ነበረ። በእርጥብ መሐረብ ባብሰው ለቀቀ፤ ከሥሩም አረንጓዴው ቅጠል ደኅና ሆኖ ታየ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው መንገድ ተመልሼ ሳልፍ ክሽክሹ ከቀድሞው በዝቶ፥ የለጋው ጫፍ ተጨማድዶ አገኘሁት። ጥንዚዛ ግን አንዲት እንኳ አላየሁም። በዚህ መደነቅ አይገባም። ክሽክሽ ያለ ወንድ ሕያው ልጅ ትወልዳለች፤ የተወለደችውም ሙቀት ባለበት ወራት በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ለመውለድ ትደርሳለች። ጥንዚዛ ግን ከዕንቍላልነት እስከ ሙሉ አካል ለመድረስ አንድ ወር ያህል ይፈጅባታል። ስለዚህ መርዙ ሁለቱንም በአንድነት ከገደለ በኋላ ከቅጠል ሥር የተረፈችው አንዲት ክሽክሽ ጠላት በሌለበት አገር ትነግሣለች። ሠራተኛው ተባዩን ያጠፋ መሰለው፤ ያጠፋው ግን የተባዩን ጠባቂዎች ነበረ። በእርሱ ግን ልንፈርድ አይገባም፤ የታዘዘውን ፈጸመ። ጥፋቱ ሳይመለከት «ርጭ» ያለው የትእዛዝ ነው።

እንግዲህ መመልከት ማለት ምን እንደ ሆነ ልግለጽ። በከተማ የጌጥ ተክል ላይ ዘወትር የሚታዩት ተባዮች ዐምስት ዓይነት ናቸው። መጀመሪያው በለጋ ጫፍና በእንቡጥ ላይ የሚሰበሰበው ክሽክሽ ነው። ሁለተኛው በግንድና በቅርንጫፍ ላይ እንደ ቅርፊት ተለጥፎ የሚቀመጠው ነፍሳት ነው፤ በጋሻው ሥር ስለሚኖር በጐለመሰ ጊዜ ርጭት እምብዛም አያገኘውም፤ ርጭት የሚያገኘው ልጆቹ ተፈልፍለው በሚድኹበት በጥቂቱ ጊዜ ብቻ ነው። ሦስተኛው ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ነጭ ተባይ ነው። አራተኛው ቅጠል የሚበላው ትልና አባ ጨጓሬ ነው። ዐምስተኛው በደረቅ ወራት ቅጠሉን የሚያገረጣው፥ ድር የሚያደራው ቀይ ሸረሪት ነው፤ ይህም ከነፍሳት ወገን ስላይደለ ብዙው የነፍሳት መድኃኒት አይገድለውም፤ እንዲያውም ጠላቶቹን ገድሎለት እንዲበዛ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ተባይ ጠባዩ ልዩ ስለ ሆነ መድኃኒቱም ልዩ ነው። ስሙን ሳያውቁ መርጨት ሕመሙን ሳይጠይቁ ለበሽተኛ መርፌ እንደ መውጋት ነው።

በእጅ ያለውም ብልሃት ጥቂት አይደለም። ክሽክሽ አካሉ ለስላሳ፥ እግሩም ደካማ ስለ ሆነ በጎማ ቱቦ በኀይለኛ ውሃ ከቅጠሉ ጀርባ ሲታጠብ ይወድቃል፤ ከወደቀም በኋላ ብዙው ተመልሶ ለመውጣት አይችልም። በክረምት ክሽክሽ የሚቀንሰው ብርቱ ዝናብ ይህንኑ ሥራ ስለሚሠራልን ነው። ውሃው ያልበቃው እንደ ሆነ በ1 ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና ተበጥብጦ በነፍሳቱ አካል ላይ በቀጥታ ቢረጭ ይገድላቸዋል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ኀይሉ ስለሚያልቅ ቈይታ ለምትመጣው ጥንዚዛ ጕዳት የለውም። ነገር ግን ሳሙናው ቅጠል እንዳያቃጥል አስቀድሞ በጥቂት ቅጠል ላይ መሞከር፥ በቀትር ፀሐይም አለመርጨት ይገባል። የዶሮ ማነቂያ እመቤት የምታፈሰው የሳሙና ውሃ ትርጕሙ ይህ ነበረ። ከዚህም በቀር የተያዘውን ቅርንጫፍ ቈርጦ ማራቅ፥ ክሽክሹን እንደ ላም የሚጠብቁትንና ጣፋጩን ፈሳሽ የሚልሱትን ጕንዳኖች ከግንዱ መከልከል፥ ዛፉን በጊዜው ውሃ ማጠጣት፥ ማዳበሪያም ሲበዛ ለተባይ የሚጣፍጥ ለጋ ቅጠል ስለሚያበዛ በመጠን ማድረግ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ከቅጠልና ከፍሬ የተገኘ መድኃኒት ሁሉ የዋህ ነው ብሎ ማመንም ስሕተት ነው። ብርብራ የአገራችን ያማረ የጥላ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ግን ተወቅጦ ወደ ወንዝ ቢጣል ዓሣ ይገድላል። እንዶድም ልብስ ያነጻል፤ ነገር ግን በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣንና ዓሣን ይገድላል። መርዝ መርዝነቱ በኀይሉና በመጠኑ እንጂ ከፋብሪካ ወይም ከጫካ በመምጣቱ አይደለም።

ርጭት ብቻውን የማይበቃ መሆኑን የሚያስረዳ ትልቅ ምሳሌ የፈረንጅ ጥድ ነው። ይህ ጥድ በከተሞቻችን ለአጥር የሚተከል እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። እርሱን የሚያደርቀው የጥድ ክሽክሽ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1986 በማላዊ፥ በ1990 በኬንያ ታየ፤ ወደ ኢትዮጵያም በ1990ዎቹ ዓ.ም. ገባ። ይህ ክሽክሽ የሐበሻ ጥድንም ይነካል። ምራቁ ቅርንጫፍን ስለሚያደርቅ አንድ ጊዜ የደረቀው አጥር እንደገና አይለመልምም። በግቢ ያለውን አጥር መርጨት ይቻላል፤ ነገር ግን በተራራ ላይ ያለውን ደን ማን ረጭቶ ይዘልቀዋል? ስለዚህ በማላዊና በኬንያ የነበሩ የደን ሊቃውንት በ1990ዎቹ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር አንዲት ደቃቅ ተርብ ከውጭ አገር አምጥተው ለቀቁ። ይህች ተርብ ዕንቍላሏን በክሽክሹ አካል ውስጥ ትጥላለች፤ ልጇም ክሽክሹን ከውስጥ በልታ ትገድለዋለች። ከዚህ የምንማረው፥ ከተባይ ጋራ በሚደረገው ጦርነት ዋናው ወታደር መርጫ የያዘው ሰው ሳይሆን ራሱ የተባዩ ጠላት መሆኑን ነው። መርዝ ሳንመርጥ ስንረጭ ግን የምንገድለው የራሳችንን ወታደር ነው።

የሌላውም ዓለም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች የጎዳና ጥላ የነበረው ኤልም የሚባለው ዛፍ ነበረ። ይህን ዛፍ የሚገድል በሽታ በጥንዚዛ ተሸካሚነት በተነሣ ጊዜ ዛፎቹን ለማዳን ተብሎ ዲዲቲ በብዛት ተረጨባቸው። መርዙ በረገፈው ቅጠል ወደ መሬት ወረደ፤ ቅጠሉን የምድር ትል በላው፤ ትሉን ወፍ በላው፤ ወፉም ሞተ። በሚቺጋን የሚገኙ የወፍ ሊቃውንት በ1950ዎቹ ይህን መረመሩ፤ ሬቸል ካርሰን የምትባል ሴትም በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ ለዓለም ገለጠችው። በ1972 የአሜሪካ መንግሥት ዲዲቲን በእርሻ ላይ ከለከለ። እንዲያም ተደርጎ ከኤልሞቹ ብዙዎቹ አልዳኑም።

«ያ የድሮ መርዝ ነው፤ የዛሬው የተሻለ ነው» የሚል ቢኖር ደግሞ ሌላ ነገር ልንገረው። በ2013 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በሰኔ ወር በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት፥ ዊልሰንቪል በምትባል ከተማ፥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ስፍራ የነበሩት የጌጥ ዛፎች አበባ ይዘው ሳሉ ክሽክሽን ለማጥፋት ተረጩ። ክሽክሹ ዛፉን የሚገድል አልነበረም። ከ50,000 የሚበልጡ ጠጕራም ትላልቅ ንቦች ሞተው ከዛፎቹ ሥር ወደቁ። መድኃኒቱ አዲስ ነበረ፥ ዛፎቹም የጌጥ ዛፎች ብቻ ነበሩ፤ የተረጨበት ጊዜ ግን የአበባ ጊዜ ነበረ። በአፍሪቃ ብዙ ማር በማምረት ቀዳሚ ለሆነችው ለኢትዮጵያ ይህ ታላቅ ተግሣጽ ነው። ከከተማ ዳር ያለው ቀፎ የማን እንደ ሆነ ንብ አታውቅም፤ ጃካራንዳው ወይም ግራቪሊያው ባበበ ጊዜ ከሩቅ ትመጣለች። ፈረንሳይ ደግሞ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ መንግሥትና የከተማ አስተዳደር በሕዝብ መናፈሻና በጎዳና ተክል ላይ ከፋብሪካ በተሠራ መርዝ እንዳይጠቀሙ በሕግ ከልክላለች። የፓሪስም ዛፎች በዚህ ምክንያት አልጠፉም።

የራሳችንም ታሪክ አለ፤ ሹማምንትም ከሁሉ ይልቅ ሊያስቡት የሚገባ ይህ ነው። ለአንበጣና ለሌላም ተባይ መከላከያ እየተባለ በየዘመኑ ከውጭ አገር የገባው መርዝ ሳያልቅ ጊዜው እያለፈበት በየመጋዘኑ ተከማችቶ ነበረ። በርሜሉ ዝጎ፥ መርዙ ፈስሶ መሬት የገባበት ስፍራ ብዙ ነው። ከ2000 እስከ 2003 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋው ተለቅሞና ታሽጎ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተልኮ በዚያ ተቃጠለ፤ ለዚህም ብዙ ሚሊዮን ዶላር ወጣ። ለመግዛት የአንድ ሹም ፊርማ ይበቃል፤ ለማስወገድ ግን ባሕር መሻገር ያስፈልጋል። በዚህ ዓመት ለጎዳና ቍጥቋጦ ብለን አብዝተን የምንገዛው መድኃኒት ከዐሥር ዓመት በኋላ በወረዳችን መጋዘን ውስጥ ማን እንደሚያገኘው እናስብ።

«እንግዲያስ ዛፉ ይድረቅ ትላለህን?» የሚል ተቃዋሚ አይጠፋም። ነገሩ እውነት አለበት። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተተከለ ዛፍ ሲደርቅ ዝም ብሎ ማየት አይገባም፤ የከተማ ጥላም የሀብታም ቅንጦት ብቻ አይደለም፤ ይልቁን ጃንጥላ የሌለው ደኻ የሚጠለልበት ነው። እኔም ምንጊዜም አይረጭ አላልሁም። ተባዩ ዛፉን የሚገድል መሆኑ በባለ ሙያ ሲረጋገጥ፥ ውሃውም ሳሙናውም መቍረጡም ተሞክሮ ሳይበቃ ሲቀር፥ መርጨት ግድ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ክሽክሹ መልክ ያበላሻል እንጂ ዛፍ አይገድልም። የቅጠል መጨማደድ ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን ለቅጠል ውበት ሲባል የአንዲት እናት ቆሎና የሕፃን ሳንባ ሊታጠን አይገባም።

ስለዚህ ለክቡራን ሹማምንት የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ፤ በየከተማው የተክል ሥራ በሚታቀድበት ጊዜ የመትከያው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የመጠበቂያውም አብሮ ይያዝ። የውሃ ቱቦ፥ መቍረጫ መቀስና ተክል የሚመለከት የሠለጠነ ሰው ከመርጫው በፊት ይገዙ፥ ይቀጠሩም። ችግኝም ሲገባ ከመትከል በፊት ቅጠሉ ተገልብጦ ይታይ፤ ልዩ ልዩ ዓይነት ተክልም ተቀላቅሎ ይተከል።

2ኛ፤ የተባዩ ስም በጽሑፍ ሳይገለጽ የርጭት ትእዛዝ አይሰጥ። ትእዛዙ ተባዩን፥ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፥ ስፍራውንና ሰዓቱን ይግለጽ። ይህ ወረቀት አንድ ገጽ አይሞላም፤ ነገር ግን የሚጽፈውን ሰው እንዲመለከት ያስገድደዋል።

3ኛ፤ በ2002 ዓ.ም. በወጣው በፀረ ተባይ ምዝገባና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 674 መሠረት ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይገባና እንዳይሸጥ የተከለከለ ነው። ስለዚህ መለያ ወረቀቱ ከሌለበት፥ ወይም ከገበያ በጠርሙስ ተቀንሶ ከተሸጠ መድኃኒት መጠቀም ፈጽሞ ይቅር። ለጥጥ ወይም ለአበባ እርሻ የተፈቀደውንም መድኃኒት ሰው በሚመላለስበት ጎዳና ላይ ማዋል አይገባም። ጥርጥር ያለው ሹም የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንን ይጠይቅ።

4ኛ፤ መርጨት ግድ በሆነ ጊዜ ነፋስ በሌለበት፥ ሰውና ንብም ሳይነሡ፥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ይረጭ፤ አበባ በያዘ ተክል ላይ አይረጭ። ከአንድ ቀን በፊት ለሰፈሩ ነዋሪና ለመንገድ ዳር ነጋዴዎች ይነገር፤ ስፍራው በገመድ ታጥሮ በመለያው ወረቀት የታዘዘው ሰዓት እስኪያልፍ ማንም አይግባ። ከትምህርት ቤት፥ ከሐኪም ቤት፥ ከምንጭና ከወንዝ አጠገብ በመርዝ ፋንታ ውሃና ሳሙና ብቻ ይሁን።

5ኛ፤ የሚረጨው ሰው ሥልጠና፥ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፥ መነጽር፥ ጓንትና ረጅም ጫማ ሳያገኝ አይሠማራ፤ ከሥራውም በኋላ የሚታጠብበት ውሃና ሳሙና ይሰጠው። ባዶውም ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፥ እጣቢውም ከመርጫው ውስጥ ተጨምሮ፥ ዕቃው ለውሃ ወይም ለዘይት መያዣ እንዳይሆን ተበስቶ ይጠበቅ። ይህን ማድረግ ያልቻለ መሥሪያ ቤት ለመርጨት ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከሥራዎቹ የሚበልጠው ክፍል ገንዘብ ሳይሆን ዓይን የሚጠይቅ ነው። ቅጠል መገልበጥ ምንም አያስከፍልም። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ማገዶ ያጣችውን ከተማ ከመዛወር አዳናት ይባላል። ያ ዛፍ ከተማይቱን ያጸናት ማንም መርጫ ይዞ ስለ ጠበቀው አይደለም፤ ከምድሩና ከአየሩ ጋራ ስለ ተስማማ ነው። ዛሬም ለጎዳናችን የምንመርጠው ተክል ለመልኩ ብቻ ሳይሆን ያለ መርዝ ለመኖር በመቻሉ ሊመረጥ ይገባል። ወይራ፥ ብርብራ፥ ኮሶና የሐበሻ ጥድ በዚህ አየር ብዙ ዘመን ኖረዋል። በየዓመቱ ካልተረጨ የማይኖር ተክል ለእኛ ከተማ ጌጥ ሳይሆን ዕዳ ነው።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። እኛም መርጫውን ከማዘል በፊት ቅጠሉን መመልከት ይቅደም እንላለን። በሚመጣው በጋ በየከተማችሁ ጥቍር ቅጠል ሲታይና «ይረጭልን» የሚል ማመልከቻ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀመጥ፥ ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ዛፉ ሄዳችሁ አንድ ቅጠል ገልብጡ፤ ከዛፉም ሥር የተቀመጠ ሰው መኖሩን ተመልከቱ። በቆሎ ላይ ነጠላ የምትሸፍን እናት በዚያ ያየ ሹም ፊርማውን ለሌላ ቀን ያቈያል፥ ጎማውንም ለዚያው ቀን ያዝዛል ብዬ አምናለሁ።